የጠፋችው ረጅም ድምፅ

ቅዳሜ ከቀኑ 10 ሰዓት ተኩል ላይ አዲስ አበባ፣ ቀበና ያለው የፒያኖ አስተማሪው የጋሼ ቤት ጸጥ ይላል። ልጆቻቸው ስልካቸውን ከዋይፋይ ያወጣሉ፤ የሳሎኑ ቴሌቪዥን ይጠፋል፤ ቡና የምትወቅጠው ልጅ ሙቀጫዋን አንሥታ ወደ ጓሮ ትወጣለች። ጋሼ ከራውተሩ እስከ ላፕቶፓቸው የተዘረጋውን ቢጫ ኬብል ተከትለው ጫፉ እንዳልላላ ያያሉ። ከዚያ ብየዳ ቤት ያሠሩትን የብረት ክንድ ከፒያኖው በላይ ዘርግተው፣ ስልካቸውን ወደ ቁልፎቹ ቁልቁል እንዲያይ አድርገው ያስሩበታል። 11 ሰዓት ሲሆን ስክሪኑ ላይ የእህቴ ልጅ ብቅ ትላለች። ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ጠዋት ነው፤ ፀጉሯ ገና አልተያዘም።

«ጋሼ፣ እንደምን ዋሉ?»

«እንዴት አደርሽ የኔ እናት? እስቲ ዝቅተኛዋን ዶ ምቺና ፔዳሉን ረግጠሽ ቆዪ። ጣትሽን እንዳታነሺ።»

ዶ ትመጣለች። ጋሼ ዓይናቸውን ጨፍነው በጣታቸው ጉልበታቸው ላይ ይቆጥራሉ። አምስት፣ ስድስት። ድምፁ እየሳሳ ይሄዳል እንጂ አይቆረጥም። ዘጠኝ፣ አሥር። እኔም ከኋላቸው ተቀምጬ ትንፋሼን እይዛለሁ። አሥራ ሦስት ላይ ከወዲያ ማዶ የፍሪጅ ሁምታ ብቻ ሲቀር ዓይናቸውን ይገልጣሉ።

«ደርሳለች። እንጀምር።»

ይህች ፈተና እንዴት እንደመጣች ለመናገር ሁለት ዓመት ወደ ኋላ መመለስ አለብኝ። እህቴ ደውላ «አማርኛ የሚያወራ የፒያኖ አስተማሪ ከዚያ ፈልግልኝ» ስትለኝ ገረመኝ። እነሱ ሰፈር አስተማሪ ጠፍቶ አይደለም፤ ከቤቷ የአምስት ደቂቃ መንገድ ላይ ጎበዝ ሴት አለች። ነገር ግን ልጅቷ የምትውለው ከእናቴ ጋር ነው፤ እናቴ ደግሞ ከቤተ ክርስቲያን የአሮጌ ዕቃ ሽያጭ ላይ በተገዛው ፒያኖ ልጅቷ አንድ ቀን ትዝታ እንድትጫወትላት ትመኛለች። ሲማሩም ሲታረሙም እሷ የምትሰማው ቋንቋ ቢሆን ትወዳለች። ጋሼን የማውቃቸው ከልጅነቴ ጀምሮ ነው። ሄጄ ነገርኳቸው፤ እሺ አሉ።

የመጀመሪያዎቹ ሦስት ቅዳሜዎች አስከፊ ነበሩ። ልጅቷ ረጅም ኖታ በመታች ቁጥር ጋሼ የሚሰሙት ሁለት ሰከንድ የማይሞላ ድምፅ ነው። «ለምን ትለቂዋለሽ? እስከ አራት ድረስ ያዢው» ይሏታል። እሷ ይዛዋለች። እንደገና ይሏታል። እንደገና ትይዘዋለች። በለስላሳው ጫወታና በኃይለኛው መካከል ልዩነት አይሰማቸውም ነበርና «ሁሉንም እኩል ትደበድቢዋለሽ» ብለው ገሠጿት። ሦስተኛው ቅዳሜ ላይ አለቀሰች። ያን ጊዜ ነው እናቴ ከሶፋዋ ተነሥታ ወደ ካሜራው የመጣችው።

«ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ እኔ ስለ ሙዚቃ አላውቅም። ግን ልጅቷ እኮ ይዛዋለች። እዚህ ቁጭ ብዬ እየሰማኋት ነው።»

ጋሼ ለረጅም ጊዜ ዝም አሉ። የሌለባትን ጥፋት ሦስት ሳምንት ሲያርሙ ከርመው ነበር። እስከ ዛሬ ይህን ሲያነሡ ፊታቸው ይለወጣል።

ድምፁን የበላው ማሽኑ ነበር። የቪዲዮ ስብሰባ መተግበሪያዎች የተሠሩት ለንግግር ነው። ሰው ሲናገር ድምፁ ይነሣል፣ ይወድቃል፣ ትንፋሽ ይወስዳል፣ ይቆማል። የማይቆምና የማይለዋወጥ ድምፅ በመተግበሪያው ዓይን የአየር ማራገቢያ ነው፣ የመኪና ሞተር ነው፣ የፍሪጅ ሁምታ ነው። ስለዚህ ያጠፋዋል። ፔዳሉ ተረግጦ የተያዘ የፒያኖ ድምፅ ደግሞ በትክክል እንዲያ ያለ ነገር ነው፤ አንዴ ይመታና ከዚያ ወጥ ሆኖ ይረግባል። መተግበሪያው መዶሻው ገመዱን የመታበትን ቅጽበት እንደ ቃል ይቀበልና የቀረውን እንደ ጫጫታ ጠርጎ ይጥለዋል።

ከዚህ ሌላ ሁለት ነገር ይሠራል። አንደኛው የድምፅ መጠንን በራሱ ማስተካከል ነው፤ ስብሰባ ላይ ከማይኩ ርቆ የሚናገረውን ሰው ድምፅ ከፍ ያደርጋል፣ የሚጮኸውን ዝቅ ያደርጋል። ለስብሰባ በረከት ነው። ፒያኖ ግን ሙሉ ስሙ «ፒያኖፎርቴ» የሆነው ለስላሳውንም ኃይለኛውንም ስለሚችል ነው። ባርቶሎሜዮ ክሪስቶፎሪ እ.ኤ.አ. በ1700 ገደማ ፍሎረንስ ላይ ይህን መሣሪያ ሲሠራ የለፋው ጣት በረታ ሲል ድምፁ እንዲበረታ፣ ጣት ሲለዝብ እንዲለዝብ ነው። ያን ልፋት መተግበሪያው በአንድ አፍታ ጨፍልቆ ያስተካክለዋል። ሁለተኛው የገደል ማሚቶ ማጥፊያው ነው። የጋሼ ድምፅ በልጅቷ ስፒከር ወጥቶ በማይኳ ተመልሶ እንዳይመጣ፣ ሁለቱ በአንድ ጊዜ ሲሰሙ አንዱን ያፍነዋል። ጋሼ «ቀስ፣ ቀስ» ባሉ ቁጥር ፒያኖዋ ይጠፋባቸው የነበረው ለዚህ ነው።

መድኃኒቱ ሲገኝ አንድ ሳንቲም አልፈጀም። ወረርሽኙ መላውን ዓለም ቤት ባስቀመጠበት ዓመት የሙዚቃ አስተማሪዎች ይህንኑ ችግር አጥብቀው ሲያነሡ ከርመው ነበርና፣ ዙም እ.ኤ.አ. በመስከረም 2020 ለሙዚቀኞች የሚሆን የጠራ ድምፅ ምርጫ አወጣ። በሴቲንጉ ውስጥ የድምፅ ክፍል ገብተው «ኦሪጅናል ሳውንድ ፎር ሚዩዚሽያንስ» የሚለውን ይከፍታሉ፤ ከሥሩ ያለውን «ሃይ ፊደሊቲ» ይመርጣሉ፤ የገደል ማሚቶ ማጥፊያውን ይዘጋሉ። ከዚያ ድምፁ በሰከንድ 48,000 ጊዜ እየተለካ፣ በአንድ መስመር በ96 ኪሎ ቢት፣ በሁለት መስመር በ192 ኪሎ ቢት ይተላለፋል። ማሚቶ ማጥፊያውን የዘጋ ሰው ግን የጆሮ ማዳመጫ ማድረግ ግዴታው ነው፤ ካለዚያ ድምፁ ዞሮ ይመጣና ይጮኻል። ሴቲንጉ በሁለቱም ቤት መከፈት አለበት፤ ስብሰባው ከተጀመረ በኋላም ስክሪኑ ጥግ ላይ ያለችው ምልክት መብራቷን ማየት ያስፈልጋል። ጋሼ ምልክቷን ማመን ትተው ዝቅተኛዋን ዶ የሚያስመቱት፣ አንዴ የተታለለው ጆሯቸው ስለማያምን ነው። እኔም ከሳቸው ጋር ነኝ።

እዚህ ላይ አዲስ አበባ ሆኖ የሚያስተምር ሰው «ዳታውስ?» ይላል። እናስላው። 96 ኪሎ ቢት በሰከንድ ማለት በሰዓት 43 ሜጋ ባይት ነው። የጠራ ሙዚቃ ያን ያህል ብቻ ይበላል። በሰከንድ 600 ኪሎ ቢት የሚፈጅ መካከለኛ ጥራት ያለው ምስል ደግሞ በሰዓት 270 ሜጋ ባይት ይሆናል። እንግዲህ መስመሩ ሲደክም መቀነስ ያለበት ምስሉ ነው። ብዙ ወላጅ የሚያደርገው ተቃራኒውን ነው፤ ውድ ካሜራ ይገዛና የላፕቶፑን ማይክ እንዳለ ይተወዋል። በኔ እምነት ለኦንላይን የፒያኖ ትምህርት የሚወጣ የመጀመሪያው ብር ለኬብልና ለጆሮ ማዳመጫ፣ ቀጥሎ በዩኤስቢ ለሚሰካ ማይክ መሆን አለበት። ማይኩም ፒያኖው አናት ላይ አይቀመጥም፤ አንድ ሜትር ተኩል ወይም ሁለት ሜትር ራቅ ብሎ፣ ሰው ቆሞ በሚሰማበት ቦታ ይቆማል። አለበለዚያ ከሙዚቃው ይልቅ የመዶሻውን ቋቋታ ይዞ ይመጣል።

ጋሼ ከዚህ የባሰውን አይተዋል። ኮሮና አገራችን መግባቱ መጋቢት 4 ቀን 2012 ከተነገረ በኋላ የሰፈር ተማሪዎቻቸውን ሁሉ በስክሪን ነበር የሚያገኟቸው። ሰኔ 23 ቀን ኢንተርኔት ሲዘጋና ለሳምንታት ተዘግቶ ሲቆይ በቤት ስልክ ማስተማር ጀመሩ። ተራው ስልክ የሚያሳልፈው ከ300 እስከ 3,400 ኸርዝ ያለውን ድምፅ ብቻ ነው። የፒያኖ ዝቅተኛዋ ቁልፍ 27.5 ኸርዝ ናት፤ መሐል ላይ ያለችው ዶ እንኳን 261 ገደማ ስለሆነች በስልክ ሽቦ መሠረቷ አያልፍም። ግን ትሰማለች። ከላይ ያሉት አጃቢ ድምፆቿ ሲያልፉ ጆሮ የጎደለውን መሠረት ራሱ ይሞላዋል። «ስልኩ የግራ እጅን ግማሽ ይወስድብኛል፤ ጆሮዬ ይመልስልኛል» አሉኝ። በዚያ ክረምት በስልኩ ያስተማሩት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ምት። ለዚያ በቃ።

ምት ግን ሌላ ጣጣ አለው። የእህቴ ልጅ ከሁሉም በላይ የምትወደው ከአስተማሪዋ ጋር አብራ መጫወትን ነው። አንድ ክፍል ውስጥ ቢሆኑ ጋሼ የግራውን፣ እሷ የቀኙን ይዘው በአንድ ወንበር ይቀመጡ ነበር። በስክሪን የሞከሩት ዕለት እኔም ነበርኩ። ጋሼ ጀመሩ፤ እሷ ተከተለች፤ ለጋሼ ዘግይታ ደረሰቻቸው፤ ሊጠብቋት ቀነስ አደረጉ፤ እሳቸው ሲቀንሱ እሷም ቀነሰች። ስምንት ምት ሳይሞላ ሁለቱም ቆመው እርስ በርስ ተያዩ።

ድምፅ በአየር ውስጥ በሰከንድ 343 ሜትር ይሄዳል፤ አንድ ሜትር ለመሄድ ሦስት ሚሊ ሰከንድ ያህል ይፈጅበታል። ሙዚቀኞች ሳይቸገሩ አብረው የሚጫወቱት መዘግየቱ ከ25 እስከ 30 ሚሊ ሰከንድ እስኪደርስ ነው፤ ይህም ከስምንት እስከ አሥር ሜትር ተራርቆ እንደመቀመጥ ነው። ከአዲስ አበባ እስከ ዋሽንግተን በአየር 11,500 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ብርሃን በፋይበር መስታወት ውስጥ በሰከንድ 200,000 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል። ማንም ሳያስቆመው ቀጥ ብሎ ቢሄድ እንኳን 58 ሚሊ ሰከንድ ይፈጅበታል፤ ከተፈቀደው እጥፍ ገደማ ማለት ነው። ኬብሉ ደግሞ ቀጥ ብሎ አይሄድም፤ ወደ ባሕር ይወርዳል፣ በውኃ ሥር አህጉር ይዞራል፤ ድምፁም በየደረሰበት ይታሸጋል፣ ይጠብቃል፣ ይፈታል። በጋሼ ትምህርት ላይ አንዱ ጉዞ 150 ሚሊ ሰከንድ ያህል ይወስዳል። በአየር ብናስበው ከሃምሳ ሜትር በላይ ነው። አዲስ አበባ ስታዲየም ውስጥ አንዱ ጎሉ ሥር፣ ሌላው መሐል ሜዳ ላይ ቆመው አንድ ዜማ ለመጫወት እንደመሞከር ነው። ሄዶ ሲመለስ 300 ሚሊ ሰከንድ ይሆናል፤ በደቂቃ 120 በሚቆጠር ፍጥነት አንድ ምት 500 ሚሊ ሰከንድ ስለሆነ ከግማሽ ምት በላይ ሾልኮ ይሄዳል።

ይህን መዘግየት ለመቀነስ የለፉ አሉ። ጣሊያን ውስጥ የትሪየስቴ ታርቲኒ ኮንሰርቫቶሪ ከአገሪቱ የምርምር ኔትወርክ ጋር ሆኖ «ሎላ» የሚባል ሥርዓት ሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2010 ለሕዝብ አሳየ፤ በአሜሪካ የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ሙዚቀኞች «ጃክትሪፕ»ን ሠሩ። በአንድ አገር ውስጥ ወይም በጎረቤት ከተሞች መካከል፣ ፈጣን መስመር ካለ፣ ሰው በእውነት አብሮ ይጫወትባቸዋል። በቀበናና በሲልቨር ስፕሪንግ መካከል ግን ማንም መሐንዲስ ብርሃንን ከብርሃን አያፈጥነውም። «አብሮ ያጫውታል» ተብሎ የሚሸጥ ነገር ሲያጋጥማችሁ መጀመሪያ ርቀቱን ለኩ።

ጋሼ መላ ያገኙት መዘግየቱን ሳይታገሉት ነው። ልጅቷ ማይኳን ትዘጋለች። ጋሼ ብቻቸውን የግራ እጁን ክፍል ይጫወታሉ፤ ምቱን ሳይለቁ፣ ማንንም ሳይጠብቁ። እሷ የምትሰማውን ይዛ በላዩ ትጫወታለች። ጋሼ የሚሰሙት የለም፤ ባዶ ሜዳ ላይ እንደሚዘምር ሰው እስከ መጨረሻው ይሄዳሉ። እዚያ ሳሎን ውስጥ ግን ድምፃቸው ከመነሻው ዘግይቶም ቢሆን ወጥ ሆኖ ይደርሳል፤ ሁለቱ ይገጥማሉ። ይህን ዘዴ ባገኙበት ዕለት ጋሼ ጨርሰው እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው «እ? እንዴት ነበር?» ሲሉ የመለሰችላቸው ልጅቷ አልነበረችም። ሁለቱን በአንድ ላይ የሰማች እናቴ ናት፤ እያጨበጨበች ነበር።

ከዚያ ወዲህ ምት የሚቆጥረው ሜትሮኖምም እሷ ቤት ነው የሚቆመው። በስክሪን የሚላክ የሜትሮኖም ምት ጋሼ ዘንድ ሲመለስ ሁልጊዜ የዘገየች ያስመስላታል፤ እዚያው ሲመታ ግን ምቱና ጣቷ አብረው ስለሚጓዙ በትክክል ይሰማል።

ስለ ካሜራ ብዙ ማለት አልፈልግም። ከላይ ቁልቁል የሚያይ ስልክ የትኛው ጣት የትኛውን እንደሚተካ ያሳያል፤ ለጀማሪ እሱ ይበቃል። ጋሼ የሚወዱት ግን በአንጓ ከፍታ ከጎን የሚያይ ካሜራ ነው። የእጅ አንጓ ሲወድቅ፣ ትከሻ ሲወጠር፣ ክንድ ሲደነዝዝ ከላይ አይታይም፤ ሕፃን ላይ በጊዜ ያልታረመ ክንድ በኋላ ሕመም ይሆናል። አንዷን አሮጌ ስልክ ከጎን አስደግፎ ስብሰባው ውስጥ እንደ ሌላ ተሳታፊ ማስገባት ይቻላል፤ የዚያኛዋ ማይክና ስፒከር ግን ይዘጋ። መብራቱም ከመስኮት በኩል ከፊት ይሁን፤ ከኋላ ከሆነ እጅ ጥላ ይሆናል።

ስለ ኦንላይን ትምህርት የነበረኝን ሐሳብ ሙሉ በሙሉ የለወጠው በቴሌግራም የሚመጣው ነገር ነው። ትምህርቱ በሳምንት አንድ ሰዓት ነው፤ ልምምዱ ስድስት ቀን ነው። ልጅቷ ረቡዕ ማታ ሁለት ደቂቃ ቀርጻ ትልካለች፤ ጋሼ ሐሙስ ጠዋት ቡናቸውን ይዘው ይሰሙታል። ቀረጻው በስልኳ ውስጥ ስለተያዘ መስመሩ አይቆራርጠውም፤ ማሽን አልጠረገውም። ደንቡ ሁለት ነው። የድምፅ መልእክት ቁልፍን ተጭኖ መላክ የለም፤ እሱ ለንግግር የተሠራ ስለሆነ ያሳንሰዋል፤ «እንደ ፋይል» ይላካል። ሁለተኛው ደግሞ ከአንድ በላይ ሙከራ መቅረጽ አይፈቀድም። «የተሳሳትሽውን ነው የምፈልገው» ይሏታል። መልሳቸው ጽሑፍ አይደለም፤ ፒያኖው ላይ ሁለት መስመር ተጫውተው በድምፃቸው «እዚች ጋ ትንፋሽ ውሰጂ» ይላሉ። ልጅቷ ያን አራት አምስት ጊዜ ትሰማዋለች። አንድ ክፍል ውስጥ ቢሆኑ የተናገሩት ነገር አየር ላይ ይቀር ነበር። ጋሼ ቅጂዎቹን ሁሉ በቀን ያስቀምጣሉ፤ ባለፈው ጥቅምት ስትደነቃቀፍበት የነበረውን አንድ መስመር በሚያዝያ አሰሟት። ሳቀች፤ ከዚያ ዝም ብላ እንደገና ሰማችው።

ሰዓት አጠባበቁም የራሱ ፈተና አለው። አሜሪካኖች እ.ኤ.አ. በመጋቢትና በኅዳር ሰዓታቸውን ይቀያይራሉ፤ እኛ አንነካውም። በበጋቸው በመካከላችን ሰባት ሰዓት፣ በክረምታቸው ስምንት ሰዓት አለ። ሁለት ጊዜ ጋሼ ባዶ ስክሪን ሲጠብቁ ቆይተዋል፤ አሁን ቀኖቹ ፒያኖው ጎን በእርሳስ ተጽፈዋል።

ጋሼ ሌላ ተማሪ አላቸው፤ ፍራንክፈርት የሚኖር፣ ማታ ማታ ሆስፒታል የሚሠራ ጎልማሳ። አፓርታማ ውስጥ ነው የሚኖረው፤ ጎረቤት እንዳይቀየም የሚጫወተው በጆሮ ማዳመጫ፣ በዲጂታል ፒያኖ ነው። 88 ቁልፎች ያሉት፣ ቁልፉም እንደ እውነተኛው የሚከብድ ነው፤ ይህ ክብደት የሌለው ባለ 61 ቁልፍ ኪቦርድ ለጣት ጥንካሬ አይረዳም። በዩኤስቢ ገመድ ከኮምፒውተሩ ጋር የተገናኘው ይህ ፒያኖ ከድምፁ ሌላ የሚልከው ነገር አለ፤ ሚዲ።

ሚዲ ድምፅ አይደለም። የትኛው ቁልፍ፣ መቼ፣ በምን ኃይል እንደተነካና መቼ እንደተለቀቀ የሚናገር ቁጥር ነው። የሮላንዱ ኢኩታሮ ካኬሃሺና አሜሪካዊው ዴቭ ስሚዝ አነሣስተውት ተፎካካሪ ኩባንያዎች ተስማምተው እ.ኤ.አ. በ1983 ያወጡት ይህ ደንብ እስከ ዛሬ ይሠራል፤ ሁለቱ ሰዎች በ2013 የቴክኒክ ግራሚ ሽልማት አግኝተውበታል። የጣት ኃይል ከ1 እስከ 127 በሚሄድ ቁጥር ይጻፋል። አንድ መልእክት ሦስት ባይት ናት። ሺህ ኖታ ያለው የሦስት ደቂቃ ጫወታ፣ መምታቱና መልቀቁ ተደምሮ፣ ጥቂት ኪሎ ባይት ቢሆን ነው፤ ያው ሦስት ደቂቃ በጠራ ድምፅ ሲላክ ግን ከሁለት ሜጋ ባይት ያልፋል። ኔትወርክ ሞቶ ምስል በማያልፍበት ቀን እንኳን ይህ ያልፋል። ጋሼ ቤት ሲደርስ በራሳቸው ዲጂታል ኪቦርድ ላይ፣ ሰውዬው እዚያ እንደተጫወተው ሆኖ ይሰማል።

አንድ ማታ ጋሼ የፍራንክፈርቱን ፋይል ከፍተው አሳዩኝ። የቀኝ እጁ ዜማ 70፣ 74፣ 72 ይላል። የግራው አጃቢ 80፣ 83፣ 85። «አየህ? አጃቢው ዘፋኙን ይጮህበታል። ሦስት ወር ሙሉ ስነግረው አላመነኝም ነበር።» ቁጥሩን ልከውለት በሁለት ሳምንት ውስጥ ተስተካከለ። እኔ ደስ ያለኝ ቁጥሩ ጆሯቸውን አለመተካቱ ነው፤ መጀመሪያ የሰሙት እሳቸው ናቸው። ቁጥሩ የመሰከረው ለተማሪው ነው።

ይህን ሐሳብ እስከ ጫፉ የወሰዱት አሉ። የያማሃ ዲስክላቪየር እውነተኛ ፒያኖ ነው፤ ገመድ አለው፣ መዶሻ አለው፤ ከሩቅ የመጣ ሚዲ ሲደርሰው ግን ቁልፎቹ ማንም ሳይነካቸው ራሳቸው ይወርዳሉ። እ.ኤ.አ. በ2002 ሚኒሶታ ውስጥ በተካሄደ ዓለም አቀፍ የፒያኖ ውድድር ላይ ዳኛው ይፊም ብሮንፍማን ጃፓን ሆኖ ተወዳዳሪዎቹን የሰማው እንዲህ ባለ ፒያኖ ነው። ከዚያም በፊት፣ እ.ኤ.አ. ከ1996 ጀምሮ፣ ቫዮሊኒስቱ ፒንካስ ዙከርማን በማንሃተን ስኩል ኦፍ ሚዩዚክ ተማሪዎቹን በቪዲዮ ያስተምር ነበር። ዲስክላቪየር ዋጋው ለጋሼም ለእህቴም የሚቀመስ አይደለም። የእህቴ ልጅ ፒያኖ ደግሞ አሮጌ የእንጨት ስለሆነ ሚዲ አይወጣውም። ለእሷ ያለው ጥሩ ድምፅና ጥሩ ጆሮ ነው።

ኖታን በተመለከተ ጊዜው ደጉ ነው። «ኢምስልፕ» የሚባለው ድረ ገጽ እ.ኤ.አ. ከ2006 ጀምሮ የባለመብትነት ጊዜያቸው ያለፈ የባኽን፣ የሞዛርትን፣ የቤትሆቨንን ኖታዎች በነፃ ያከማቻል። «ሚዩዝስኮር» የሚባለው ነፃ ፕሮግራም ደግሞ ኖታ ይጽፋል፣ ያጫውታል። ጋሼ ከባቲና ከአምባሰል ቅኝቶች የቀመሯቸውን ትንንሽ የልምምድ ዜማዎች የሚጽፉት በእሱ ነው፤ እንዲህ ያለ ነገር ከየትም አይገዛም።

አሁን የሚያሳስበኝን ልናገር። ልጅቷ ታብሌት ላይ ኖታ እየተከተለ ልክና ስሕተት የሚነግር መተግበሪያ ተጭኖላት ነበር። ለጀማሪ ቁልፎችን ለማስለመድ አይጠላም፤ በየቀኑ ፒያኖው ላይ ያስቀምጣታል። ጋሼ የእማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩን ሥራ ሊያስተምሯት ሲጀምሩ ግን ነገሩ ተፋጠጠ። እማሆይ እ.ኤ.አ. በ1923 አዲስ አበባ ተወልደው፣ በ2023 በ99 ዓመታቸው ኢየሩሳሌም ያረፉ መነኩሴ ናቸው፤ ሙዚቃቸው በዓለም ከተሰማ በኋላ ኖታቸው በ2013 በመጽሐፍ ወጥቷል። አጨዋወታቸው በሜትሮኖም አይታሰርም፤ ቀኝ እጅ ይዘገያል፣ ይፈጥናል፣ አንድ ቃል ላይ እንደቆመ ዘማሪ ይቆያል። ልጅቷ ያን ለመምሰል ስትሞክር ታብሌቱ ቀይ በቀይ ሆነ። ተመልሳ ጋሼን «ተሳሳትኩ?» አለቻቸው።

«አልተሳሳትሽም። እሱ ቤተ ክርስቲያን ሄዶ አያውቅም።»

ቅኝቶቻችንም ከፒያኖው ጋር ሙሉ በሙሉ አይገጥሙም። የትዝታ አምስት ድምፆች፣ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ፣ በነጮቹ ቁልፎች ላይ ይገኛሉ፤ በድምፅና በማሲንቆ ሲሆኑ ግን በሁለት ቁልፎች መካከል ይወዛወዛሉ፤ አንቺ ሆዬ ደግሞ ከቁልፎቹ ይበልጥ ይርቃል። ፒያኖ ይህን ማጠፍ ስለማይችል ጋሼ መጀመሪያ ይዘፍኑላታል፤ እሷ ትደግማለች፤ ከዚያ ብቻ ቁልፎቹን ትነካለች። ይህን ማድረግ የቻሉት ድምፃቸው ሳይጨፈለቅ እዚያ መድረስ ስለጀመረ ነው።

ሐምሌ ላይ የመጨረሻውን ትምህርት ለማየት ሄድኩ። ልጅቷ ትዝታን እስከ መጨረሻው ልትጫወት ነበር። ጋሼ ኬብሉን አዩ፤ ስልኩን አሰሩ፤ ዶ ተመታች፤ አሥራ ሦስት ድረስ ተቆጠረ። ሁለት መስመር እንደሄደች ከቀበና ወንዝ በኩል ዝናቡ መጣ። በመጀመሪያ ጥቂት ጠብታ፣ ከዚያ በአንድ ጊዜ መላው የቆርቆሮ ጣሪያ። ጋሼ ደንግጠው ወደ ላፕቶፑ ተንጠራሩ፤ ሴቲንጉን መልሰው ጫጫታ ማጥፊያውን ሊከፍቱት ነበር። ልጅቷ መጫወቷን አቆመች።

«ጋሼ፣ ምንድን ነው እሱ ድምፅ?»

«ዝናብ ነው የኔ እናት። ይቅርታ፣ አሁን አጠፋዋለሁ።»

«ይተዉት፤ እባክዎን።» እናቴ ናት። ከሶፋዋ ተነሥታ መጣች፤ ፊቷ ስክሪኑን ሞላው፤ የልጅቷን የጆሮ ማዳመጫ ወስዳ ጆሮዋ ላይ አደረገችው። ከአገሯ ከወጣች ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ የሚኖሩበት ቤት ጣሪያ ዝናብ አያሰማም። ጋሼ እጃቸውን ከመዳፊቱ ላይ አነሡ። ማይኩን ከፒያኖው መልሰው ወደ መስኮቱ አዞሩትና ወንበራቸው ላይ ተቀመጡ።